ኮረንቲው የት ቀረ? የአሮጌ ቮልስ የኤሌክትሪክ ብልሽትና ፍለጋው

ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ቮልሷ «ጠቅ» ብላ ዝም ካለች፣ ብዙ ባለቤት መጀመሪያ የሚያስበው ባትሪ መግዛትን ነው። አዲሱ ባትሪ ይገባል፣ ለጥቂት ጊዜ ትነሳለች፣ ከዚያ ያው «ጠቅ» ይመለሳል። ቀጥሎ ሶማሌ ተራ ተሂዶ ያገለገለ ሞተሪኖ ይገዛል፤ ከእሱም በኋላ ዲናሞ ይጠረጠራል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ጥፋቱ አንድ የላላ ወይም የዛገ የሽቦ ጫፍ ሆኖ ይገኛል። በአሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ቀድሞ የሚሞተው መጋጠሚያው ነው።

ይህን ለመማር ከቮልስ የተሻለች መኪና ማግኘት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ይህች መኪና ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ትታያለች። በአሮጌዎቹ ላይ ኮምፒውተር የለም፤ የሽቦ ሥዕላቸው በአንድ ገጽ ያልቃል። የቀደሙት በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ ወደ 12 ቮልት ተሸጋገሩ። ለእኩል ብርሃን 6 ቮልት እጥፍ ኮረንቲ ስለሚፈልግ፣ ዝገት በቀደሙት ላይ ይበልጥ ይከፋል።

የዕቃዎቹ አቀማመጥ ግን ከሌሎች መኪኖች ይለያል። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ባትሪው በቀኝ በኩል በኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል፤ ቁልፉና የፊውዝ ሳጥኑ ከፊት ናቸው። ስለዚህ ሞተሪኖውን «ተነሳ» የሚለው ቀጭን ሽቦ ከኋላ ወደ ፊት ሄዶ፣ በቁልፉ አልፎ፣ እንደገና እስከ ኋላ ይመለሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ላይ ባሉት ያረጁ መጋጠሚያዎች ሁሉ ጥቂት ጥቂት ቮልት ይቀራል። ሞተሩ ሲግል አልነሳ ብላ፣ ሲበርድ ምንም እንዳልሆነች የምትነሳ ቮልስ አንዱ ምክንያቷ ይህ ነው። መጋጠሚያዎቹን ማጽዳት ካልበቃ፣ ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ ተገጥሞ ኮረንቲውን በቀጥታ ከባትሪ እንዲቀበል ይደረጋል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የመመለሻውን መንገድ ነው። ኮረንቲ በሽቦ ይሄዳል፤ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ግን በቦዲው ብረት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ፣ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው አንድ የተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ነው። እሱ ሲበጠስ ወይም ሥሩ ሲዝግ ኮረንቲው በሌላ መንገድ ለመመለስ ይገደዳል፤ በፍሪሲዮንና በነዳጅ መርገጫ ካቦዎች በኩል ያልፋል። ሞተሪኖ ሲዞር የፍሪሲዮን ካቦ ከጋለ፣ መታየት ያለበት ይህ ማሰሪያ ነው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከባትሪው ነው። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ይጠረጠራል። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ካነበበ ዲናሞው እየሞላ ነው። ነዳጅ ሳይሰጥ መለካት ግን አያስተማምንም፤ የድሮው ዲናሞ በዝግታ ሲዞር እምብዛም አይሞላም።

ሁለተኛው እርምጃ ዕቃ የሚያስለውጠውን ግምት ያስቀራል። ሽቦን ነቅሎ «ይገናኛል ወይ?» ብሎ መፈተሽ ያታልላል፤ ከብዙ ክር አንዱ ብቻ የቀረለት ሽቦም «ይገናኛል» ይላል። ሮቶው ሙሉ ሆኖ ቧንቧው ዝቃጭ ከያዘ ውኃው ቀጥኖ እንደሚወርደው፣ ጉድለቱ የሚታየው ኮረንቲ እያለፈ ሲለካ ነው። ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፤ ሞተሩ እንዳይነሳ የኮይሉ ሽቦ ይነቀል። የቴስተሩ አንድ ጫፍ በራሱ በባትሪው የኔጌቲቭ ጉጥ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዝ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ንባቡ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የመመለሻው መንገድ ታሟል። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ጉጥ እስከ ሞተሪኖው ድረስ እንዲሁ ይለካል። ቮልት የጠፋበት ቦታ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ነው።

መብራቶች ያለ መለኪያም ይናገራሉ። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ ደብዘዝ ብሎ ከበራ፣ የኋላው መብራት የቦዲ መገናኛ ጠፍቶ ኮረንቲው በጎረቤት አምፖል በኩል ለመመለስ እየሞከረ ነው። የፊት መብራት ሲደክም አምፖል ከመቀየር በፊት እዚያ የሚደርሰውን ቮልት መለካት ይበጃል፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በሲሶ ገደማ ይወርዳል።

የፊውዙ ሳጥን የራሱ ጠባይ አለው። ፊውዞቹ ሁለት ጫፋቸው የሾለ ሲሆን፣ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ዝጎ ኮረንቲ ይከለክላሉ፤ ባሉበት ማሽከርከር ብቻውን መብራት የሚመልስበት ጊዜ አለ። የተቃጠለውን በሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል ግን እሳት መጥራት ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ጠባቂው ከተነሳ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል።

ቆማ ባትሪ ለምትጨርስ መኪና ሁሉም ነገር ይጥፋ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታና በጉጡና በሽቦው መሃል አምፔር መለኪያ ይግባ። ግማሽ አምፔር የሚሰርቅ ነገር 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ባትሪ በ80 ሰዓት ያሟጥጣል። ፊውዞቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ንባቡ የወረደበት መስመር ሌባው ያለበት ነው። ፊውዝ የሌላቸው መስመሮችም ስላሉ፣ ንባቡ ካልወረደ ዲናሞውና ሬጉሌተሩ ይታያሉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ለቮልስ ይበልጥ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ዲናሞው አለመሙላቱን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ማራገቢያ በዲናሞው ዘንግ ላይ ስለተገጠመ፣ ሁለቱን የሚያዞራቸው ቺንጋ አንድ ነው። በጉዞ ላይ መብራቱ ድንገት በርቶ ካልጠፋ ወዲያው ቆሞ ቺንጋውን ማየት ግድ ነው፤ ቺንጋው ከተበጠሰ መንዳት ሞተሩን ያቃጥላል። ሁለተኛው የባትሪው ክዳን ነው። ባትሪው ረጅም ከሆነና ክዳኑ ከሌለ፣ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ ፖዘቲቩን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ማንኛውም ሥራ ሲጀመርም መጀመሪያ የሚፈታው ኔጌቲቩ ነው፤ ፖዘቲቩን በሚፈታበት ጊዜ መፍቻው ቦዲ ቢነካም ያኔ ብልጭታ አይፈጥርም።

ኤሌትሪሻን ዘንድ ስትሄዱ እንግዲህ «ባትሪ ለውጥልኝ» ወይም «ሞተሪኖ ፈልግልኝ» ከማለት አስቀድማችሁ «የት ላይ ስንት ቮልት ጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለክቶ ቁጥር የሚነግራችሁ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል፤ ሳይለካ ዕቃ የሚያስገዛችሁ ግን በእናንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።