ስለ አሮጌ የእንጨት ዕቃ አቀባብ

የተማሪ ክፍል ዕቃ መቼም የታወቀ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር፤ ዕድል የቀናው ደግሞ መሳቢያው በግድ የሚከፈት ኮመዲኖ ይኖረዋል። እንግዳ ሲመጣ ወንበሩን በጋቢ እንሸፍናለን፤ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ መታየቱ የድህነት ምልክት ተደርጎ ስለሚቆጠር እናፍርበታለንና። በሌላው ዓለም ግን ይኸው የተላጠ ቀለም ገንዘብ ተከፍሎበት የሚሠራ ጌጥ ሆኗል። ደኅናውን ቁም ሣጥን ቀብተው ካበቁ በኋላ ጠርዙን መልሰው የሚፍቁ፣ አዲሱ ያረጀ እንዲመስል የሚደክሙ ሰዎች አሉ። ነገሩ ያስቃል። ሆኖም ከሣቅን በኋላ ብንመረምረው ለኪሳችንም ለጤናችንም የሚጠቅም ነገር ስላለበት፣ በዚህ ገጽ ጥቂት ልንናገርለት አሰብን።

ልማዱ ስም አግኝቶ የተስፋፋው በቅርብ ጊዜ ነው። ራሼል አሽዌል የምትባል የእንግሊዝ ተወላጅ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1989 በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ ሞኒካ ከተማ ሱቅ ከፈተች፤ ስሙንም «ሻቢ ሺክ» አለችው። «ጎስቋላ ውበት» ብለን ብንተረጉመው ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። በሚቀጥለው ዓመት በ1990 ደግሞ አኒ ስሎን የምትባል ሴት እንደ ጠመኔ የፈዘዘ፣ የማያብለጨልጭ ቀለም ለገበያ አወጣች። ከዚያ በፊት ግን ይህ መልክ የዕድሜ ሥራ እንጂ የፋሽን ሥራ አልነበረም። በሰሜን አውሮጳና በሰሜን አሜሪካ የገጠር ሰዎች ወተትን ከኖራ ጋር አዋሕደው የቤት ዕቃቸውን ይቀቡ ነበር፤ በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከኖራው ጋር ሲገናኝ እንደ ሙጫ ቀለሙን ይይዘዋል። (በጾም ቀን በወተት መቀባት ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር፣ የሚጠጣው ወንበሩ እንጂ እኛ አይደለንም ብለን እንመልሳለን።) ያ ቀለም እጅ በነካው ቦታ ሁሉ ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ይሄዳል። የዛሬው ፋሽን የሚኮርጀው ይህንን ነው።

የድኻ ወንበር ሲላጥ ጉድለት፣ የባለጸጋ ወንበር ሲላጥ ውበት መባሉን እኛ በበኩላችን አንቀበለውም። ነገር ግን ፈረዱም አልፈረዱም አንድ በር ከፍተውልናል፤ አሮጌውን ዕቃ ሳንደብቅ ልናሳምረው እንችላለን።

አሮጌውን የምንመርጥበት ዋና ምክንያት እንጨቱ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛው ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ የተሠራ ቺፑድ ነው፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ አንድ ጊዜ የተነቀለ ብሎን ዳግመኛ አይጠብቅበትም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ከሚሰበስበው፣ ከመርካቶም ምን አለሽ ተራ ከሚከማቸው ዕቃ መካከል ግን አንዳንድ ጊዜ የዋንዛ፣ የዝግባ ወይም የጥድ ሳንቃ ይገኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። እንግዲህ እግሩ ስለ ተሰበረ ብቻ የሚጣል የዋንዛ ጠረጴዛ ምን ያህል እንደሚያስቆጭ አንባቢ ይገምት። ለመለየት ዕቃውን ገልብጦ ቀለም ያልነካውን ሆዱን ማየት ነው። ሙሉ እንጨት ከሆነ የመስመሩ ሩጫ ከገጹ እስከ ጠርዙ ሲከተል ይታያል፤ ቺፑድ ከሆነ ጠርዙ የተረገጠ ሰጋቱራ ይመስላል። ከትናንሽ ቀዳዳዎች ሥር አዲስ ዱቄት ከተገኘ ነቀዙ ገና በሕይወት ስላለ ያ ዕቃ ወደ መኝታ ክፍል ባይገባ ይሻላል።

ሁሉም አሮጌ ዕቃ ግን ቀለም አይገባውም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በሰማያዊ ቀለም የሚቀባ ሰው ቢኖር ባልንጀራችን አይደለም። መልኩ ያማረ ዋንዛም ታጥቦ ሰም ቢቀባ ይበቃዋል። ቀለም የሚያስፈልገው ቀድሞውኑ ለተቀባው፣ ለተጣጣፈው፣ የተለያየ እንጨት ለተቀላቀለበት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ ይኸውም እርሳስ ነው። የምንጽፍበትን እርሳስ ማለታችን አይደለም፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ግራፋይት የሚባል ካርቦን ነው። የምንለው ማዕድኑን ነው። ቀለም እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ሲባል እርሳስ ለብዙ ዘመን በዘይት ቀለም ውስጥ ይጨመር ነበር፤ በተለይም በደማቁ ቢጫ። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት በሚውል ቀለም ውስጥ በ1978 ከለከለችው፤ አገራችንም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2018 ባወጣችው ደንብ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት የተቀባውን ወንበር አላጠበውም። የእርሳስ ብናኝ ወደ ሰውነት ሲገባ አንጎልንና ነርቭን ይጎዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅት ምንም ያህል ቢያንስ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። ሕፃናት ደግሞ የዋጡትን እርሳስ ከዐዋቂ አራትና አምስት እጥፍ አብልጠው ወደ ሰውነታቸው ያስገባሉ። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንደምንኖር አንርሳ።

ያረጀ የማስመሰል ዘዴው አደገኛነት እዚህ ላይ ነው። መመሪያው ሁሉ «ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ» ይላል። ዕድሜው ያልታወቀ ቀለም ያለበትን ጠርዝ በደረቁ መፈግፈግ ግን ያንን ብናኝ አንሥቶ በክፍሉ መበተን ነው። የሐኪም ቤት ስስ የአፍ መሸፈኛም አያግደውም። በእሳት ማቃጠልም የባሰ ነው፤ እርሳሱ በጢስ ይወጣልና። ስለዚህ አሮጌው ቀለም ካልተፈረፈረ እንዳለ ይተው፤ በሳሙና ውሃ ታጥቦ አዲሱ ከላዩ ይቀባ። የሚፈረፈር ከሆነ ግን ለክፍል ውስጥ ሥራ አይሆንም፤ ሌላ ዕቃ መፈለግ ነው።

ታዲያ ሳይፈገፈግ እንዴት ያረጀ ይመስላል? መልሱ ሻማ ነው። በመጀመሪያ የተንቀሳቀሰው እግር ይስተካከላል፤ የደረቀው ኮላ ከመጋጠሚያው ተጠርጎ በአዲስ ኮላ ይገጠማል፤ በገመድ ታስሮም በእንጨት እየተጠመዘዘ ጠብቆ ያድራል። ከዚያ አንድ የምንፈልገው ቀለም፣ እንበል ቡናማ፣ ሁለት ጊዜ ይቀባና ይደርቃል። ቀጥሎ ተራ ነጭ ሻማ ይዘን እንዲሳሳ በምንፈልገው ቦታ ብቻ እናሽበታለን፤ ከላዩም ሁለተኛውን ቀለም፣ ለምሳሌ ነጭ ወይም ውሃ ሰማያዊ፣ እንቀባለን። ሰም ባለበት ቦታ ሁለተኛው ቀለም አይጣበቅም። ሲደርቅ በእርጥብ ሻካራ ጨርቅ ቀስ ብለን ብናሽ ያ ቦታ ብቻ ይለቅና ቡናማው ብቅ ይላል። የለቀቀው የራሳችን አዲስ ቀለም ነው፤ የሥረኛው አልተነካም። ይህንንም የፈራ በብሩሽ ጫፍ እንጨት መሳይ ቀለም ጠርዙን ነካ ነካ ቢያደርግ ይበቃዋል።

ለሁለተኛው ቀለም ውድ ዕቃ መግዛት አያሻም። ለግድግዳ የሚሸጠውን ፕላስቲክ ቀለም ሦስት እጅ፣ በውሃ የተበጠበጠ ጄሶ አንድ እጅ ቢቀላቅሉ የፈዘዘ ቀለም ይወጣል። ጄሶ ቶሎ ስለሚጠጥር ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ነው። የጥድ ጉጥ ሙጫው በነጭ ቀለም ውስጥ ቢጫ ሆኖ ስለሚወጣ፣ በአልኮል የሟሟ ሼላክ ቀድሞ ቢቀባበት መልካም ነው።

ሻማው የት ይታሽ የሚለው የዓይን ጉዳይ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ዕቃውን እንደ ነብር ያዥጎረጉረዋል። እውነተኛ እርጅና ግን ሥርዓት አለው። ወንበርን የሚያረጀው ሰው ነው፤ ተረከዝ የሚያርፍበት የፊት ማገናኛ፣ እጅ ይዞ የሚስበው የመደገፊያው ራስ፣ የመቀመጫው የፊት ጠርዝ ይሳሳሉ። ኮመዲኖ ከሆነ በመያዣው ዙሪያና በመሳቢያው የላይ ጠርዝ ነው። ማንም የማይነካው የጎን ሜዳ ግን አያረጅም። ጥርጣሬ ያደረበት ሰው ከዕድሜ ጠገብ ቡና ቤት ገብቶ ወንበሮቹን ቢመለከት በአንድ ስኒ ዋጋ ብዙ ይማራል።

በመጨረሻ ቀለሙ እንዳይቆሽሽ ሰም ይቀባል። ንጹሕ የማር ሰም በጣሳ ሆኖ በፈላ ውሃ ላይ ይቀልጣል፤ ከእሳቱ ርቆ ከወጣ በኋላ ጥቂት አኳራጅ ይጨመርበታል። አኳራጅ ከምድጃ አጠገብ አይከፈትም። በሰም ፈንታ የተልባ ዘይት የሚጠቀም ቢኖር የራሰውን ጨርቅ ጨብጦ ከአልጋ ሥር አይጣል፤ ዘይቱ ሲደርቅ አየር እየሳበ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅም ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግቶ በውጭ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ሰሙ ካደረ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ቀለሙ በሚገባ እስኪጠነክር ሁለትና ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ድረስ ትኩስ የሻይ ብርጭቆ የሚያስቀምጥበትን የክፍል ጓደኛ በትሕትና መከልከል ይገባል።