እያሳቁ የሚያስመረምሩ መጻሕፍት

ፊደል የለየ ሰው ሁሉ አንባቢ ነውን? ገና ነው። ቃሉን ካነበብን በኋላ «ይህ ቃል ሌላስ ምን ሊል ይችላል?» ብለን መጠየቅ ስንጀምር ያኔ አንባቢ ሆንን እንላለን። ይህን ልማድ ከሚያስለምዱት መጻሕፍት መካከል ዛሬ ስለ አንድ ዓይነት እናወራለን። እነሱም በእንግሊዝ አገር የተጻፉ፣ ወንጀል የሚመረመርባቸው፣ የቃላት ጨዋታ የሞላባቸውና የሚያስቁ ልብ ወለዶች ናቸው።

«ሰው ተገድሎ ምን ያስቃል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሞት አያስቅም። የሚያስቀው የሰዎቹ አነጋገር፣ የመርማሪው ጠባይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንታ ፍቺ ያለው ቃል ነው።

መንታ ፍቺ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቅኔ አዋቂዎች እንዲህ ያለውን ቃል ኅብረ ቃል ይሉታል፤ ሰምም ወርቅም ይይዛል። እንበልና አንድ በሬ ተሰረቀ። እረኛው ተጠረጠረ። አንድ ጎረቤት ለምስክርነት ቀርቦ «በሬው ሲሰረቅ ገና አልደረሰም ነበር» አለ። ጠያቂው «እንግዲያስ እረኛው በቦታው አልነበረም» ብሎ ለቀቀው። ጎረቤቱ ግን የተናገረው ስለ ቀኑ ነበር፤ የገና በዓል አልደረሰም ነበር ማለቱ ነው። ታዲያ ምስክሩ ዋሸ? አልዋሸም እኮ! የሳተው ሰሚው ነው። እንግሊዞቹ ደራሲዎችም አንባቢን የሚያስቱት በዚሁ መንገድ ነው።

ይሁን እንጂ ደንብ አላቸው። በ1930 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የእነዚህ ልብ ወለዶች ደራሲዎች በለንደን «ዲቴክሽን ክለብ» የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አባል የሚሆን ሰው ቃለ መሐላ ይፈጽም ነበር። ከመሐላው አንዱ ዋናውን ፍንጭ ከአንባቢ አለመደበቅ ነው። ማለትም መርማሪው ያየውን ሁሉ አንባቢም ማየት አለበት።

ደራሲው ፍንጩን መደበቅ ካልተፈቀደለት የት ያኖረዋል? ብዙ ጊዜ በቀልዱ ውስጥ! የሚስቅ ሰው አይመረምርም። እኛ እየሳቅን ገጹን ስንገልጥ ቁልፉ ቃል ወደኋላችን ይቀራል። መጨረሻው ላይ «ለካ እዚያ ጋ ተነግሮኝ ነበር!» እንላለን። የእነዚህ መጻሕፍት ጣዕም ይኸው ነው። አሁን ሦስት ደራሲዎችን እናስተዋውቅ።

1ኛ. ዶሮቲ ሴየርስ (1893–1957)። በ1934 የታተመው መጽሐፏ «ዘ ናይን ቴይለርስ» ይባላል። ቃል በቃል ሲተረጎም «ዘጠኙ ልብስ ሰፊዎች» ማለት ነው። ነገሩ ግን ስለ ስፌት አይደለም። መርማሪው ሎርድ ፒተር ዊምሲ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በረዶ እየጣለ መኪናው ቦይ ውስጥ ትገባበታለች። በምሥራቅ እንግሊዝ ረግረጋማ አገር፣ አንድ መንደር ውስጥ ያድራል። በዚያ ሰው ሲሞት የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ ሟቹ ወንድ ከሆነ ዘጠኝ ጊዜ። ያ ምት «ቴይለር» ይባላል። እንግዲህ ሰሙ ልብስ ሰፊ፣ ወርቁ የሞት ደወል ነው። በታሪኩ ውስጥ የዕብድ ጽሑፍ የሚመስል ወረቀትም ይገኛል። ሚስጥሩ የሚፈታው የደወሎቹን ተራ ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሴየርስ ከ1922 እስከ 1931 በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ ማስታወቂያ ትጽፍ ስለነበር፣ ቃል ሰውን እንዴት አድርጎ እንደሚያስገዛ ጠንቅቃ ታውቃለች። ይህንንም በ1933 ባሳተመችው «መርደር መስት አድቨርታይዝ» በተባለው መጽሐፏ እያሳቀች ታሳየናለች።

2ኛ. ኤድመንድ ክሪስፒን (1921–1978)። እውነተኛ ስሙ ብሩስ ሞንትጎመሪ ሲሆን የሙዚቃ ደራሲም ነበር። በ1946 የታተመው «ዘ ሙቪንግ ቶይሾፕ» («ተንቀሳቃሹ የአሻንጉሊት ሱቅ») እንዲህ ይጀምራል። አንድ ባለቅኔ በሌሊት ኦክስፎርድ ከተማ ይደርሳል። በሩ ያልተቆለፈ የአሻንጉሊት ሱቅ አይቶ ይገባና ፎቁ ላይ የሴት ሬሳ ያገኛል። ወዲያው ጭንቅላቱን ተመትቶ ይወድቃል። ሲነቃ ሮጦ ፖሊስ ይጠራል። ቢመለሱ የአሻንጉሊት ሱቁ የለም! በቦታው የምግብ ሸቀጥ መደብር ቆሟል። ማን ይመነው? ነገሩን የሚይዝለት ጀርቬዝ ፌን የተባለ አስቂኝ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ነው። በዚህ መጽሐፍ ሰዎቹ በልብ ወለድ ውስጥ መሆናቸውን ያወቁ ይመስላሉ። መንገድ ለሁለት ሲከፈልባቸው ባለቅኔው ወደ ግራ እንሂድ ይላል። ምክንያቱስ? የዚህ መጽሐፍ አሳታሚ ጎላንዝ ነዋ! ጎላንዝ የግራ ፖለቲካ መጻሕፍት በማሳተም የታወቀ ነበር። «ግራ» በአማርኛም እጅም ፖለቲካም ስለሆነ ይህ ቀልድ ሲተረጎም አልሞተም።

3ኛ. ኮሊን ዴክስተር (1930–2017)። ከሁለቱ ይልቅ ሳቁ ቀዘዝ ይላል፤ በቃላት ጨዋታ ግን አይታማም። በትናንሽ ሳጥኖች ውስጥ ፊደል እየሞሉ የሚፈቱትን የቃላት እንቆቅልሽ አጥብቆ ይወድ ነበር። መርማሪውን ሞርስንና ረዳቱን ሉዊስን የሰየማቸው በዚሁ ጨዋታ በታወቁ ሰዎች ስም ነው። በ1975 «ላስት ባስ ቱ ዉድስቶክ» ብሎ ጀመረ፤ በ1999 በ13ኛው መጽሐፍ ጨረሰ። የመጨረሻው ርዕስ «ዘ ሪሞርስፉል ዴይ» ነው፤ «ጸጸት የሞላበት ቀን» እንደ ማለት ነው። «ሪሞርስፉል» የሚለውን ቃል እስቲ እንደገና ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መካከሉ ላይ «ሞርስ» ተቀምጧል!

ከየትኛው እንጀምር? ሳቅ ለሚፈልግ ከክሪስፒን መጀመር ይሻላል። ሴየርስ ረጅም ናት፤ ስለ ደወል የምትተነትነው ነገር ያደክማል፣ ግን ለታገሠ ትክሳለች። አብዛኛው ኅብረ ቃል ሲተረጎም ወርቁ ይጠፋልና የሚቻለው ሰው በእንግሊዝኛው ቢያነብ ይመረጣል። እንግሊዝኛ የሚያነብ ተማሪ በቤት ካለ ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ አንብቦ በአማርኛ ይተርክ፤ መንታ ቃል ሲያጋጥመው ሰሙንና ወርቁን ይለይ። ሌሎቹ «ገዳዩ ማነው?» እያሉ ይከራከሩ። መጨረሻውን ቀድሞ መንገር ግን ክልክል ነው!

«ይህ ሁሉ ጨዋታ ለኑሯችን ምን ይረባናል?» ለሚል መልስ አለን። አንድ ወረቀት «አንድ ሺህ ብር ለሁለት ሠራተኞች ተከፈለ» ቢል ምን ማለት ነው? ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሺህ ተሰጠ? ወይስ አንዱ ሺህ ለሁለት ተከፍሎ አምስት አምስት መቶ ደረሳቸው? «ተከፈለ» ሁለቱንም ይችላል። ሳይጠይቅ የፈረመ ሠራተኛ አምስት መቶ ብር ሊያጣ ይችላል። በልብ ወለድ የተሳሳተ አንባቢ ስቆ ያልፋል፤ በውል ላይ የተሳሳተ ግን ይከፍላል። ስለዚህ ዓይናችንን በሳቁ ገጽ ላይ እናሠልጥነው። ፊርማ የሚጠይቅ ወረቀት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ማንበብ ያኔ አይከብደንም።