ከኮረም ምስል ወዲህ

ከቆቦ ተነስቶ በአላማጣ በኩል የግራካሶን ጠመዝማዛ አቀበት የወጣ መንገደኛ ኮረም ይገባል። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ማይክል ቡርክ ጋር እዚያ የሠራው ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። ኮረም ያኔ በወሎ ሥር ነበረና፣ ከዚያ ወዲህ ወሎ ሲባል ለብዙው ዓለም የሚታየው ረሃብ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም በጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ታይቶ ነበር፤ በዓመቱ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ በእንቁጣጣሽ ማታ ለኢትዮጵያውያን ቀረበ። በማግሥቱ ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

እነዚህ ምስሎች ነፍስ አድነዋል፤ ውለታቸው አይካድም። ቆቦና አላማጣ ያሉበት ራያ ቆላ ግን ዝናብ ሲያገኝ ማሽላው ሰው የሚውጥ አገር ነው። የውጭው ካሜራ የሚመጣው ዝናቡ ሲቀር ነበር።

ሌላ ዓይነት አተያይ ያመጡት የአገሩ ልጆች ናቸው። የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ወቅት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ ቀረጸ። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ገበሬውን ሲያዝና ሲሰድብ፣ ካሜራው ሳይቸኩል የእርሻውን ድካም በልኩ ያሳያል። ድሃው እዚህ ለምጽዋት አልቀረበም፤ የታሪኩ ባለቤት ነው። ለእኔ ከፊልሞቹ ሁሉ ደፋሩ ይኸው ነው፤ ምንም እንኳ «ጤዛ» በ2009 እ.ኤ.አ. የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ቢያገኝም። ፊልም ሠሪዋ ሳሌም መኩሪያ ደግሞ በ2003 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ቢየናሌ የአገሯን ታሪክ በሦስት ስክሪን ጎን ለጎን አሳየች።

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የተወለደችው ጃንሆይ በወረዱበት በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። በየመን፣ በቆጵሮስና በካናዳ አደገች፤ ኃይሌ ለረጅም ዓመታት ባስተማረበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማረች፤ በዋሽንግተን ፖስት ፎቶ ጋዜጠኛ ሆና ሠራች። በ2007 እ.ኤ.አ. በባማኮ የፎቶግራፍ ቢየናሌ ተሸለመች፤ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች። በ2018 ለዋተርኤይድ ድርጅት የሠራችውን የውሃ ተከታታይ ፎቶ ያነሳችው ከራያ በስተምሥራቅ ቁልቁል በሚዘረጋው አፋር፣ በዳሎል ነው። ጉዳዩ ያው የውሃ እጦት ነው። ሴቶቹ ግን ፊታቸው በቀለም ተቀብቶ፣ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ ለብሰው፣ እንደ ንግሥት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሸክሙን ማን እንደሚሸከም ይናገራሉ እንጂ አይለምኑም።