መለኪያ ለምን ይዋሻል?

ከመቱ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሶር ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ የጀመረ የ5 ሜጋዋት የውሃ ኃይል ማመንጫ አለ። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን ጣቢያ ስናስብ በዐይነ ኅሊናችን የሚታየን የውሃው ጉልበትና የጄኔሬተሩ ግዝፈት ነው። ይሁን እንጂ ማናቸውም የኃይል ማመንጫ የሚተዳደረው በትንንሽ መለኪያዎች ነው። ውሃው ስንት ሜትር ደረሰ? የቧንቧው ግፊት ምን ያህል ነው? ኩሽኔታው ጋለ ወይስ አልጋለም? ይህን ሁሉ የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ ምስክሮቹ በሐሰት ቢመሰክሩስ?

ነገሩን በቁጥር እንየው። በፋብሪካ ሙቀት ከሚለካባቸው መሣሪያዎች አንዱ ከሁለት ልዩ ልዩ የብረት ሽቦዎች የሚሠራው ቴርሞኮፕል ነው። «ኬ» የተባለው የታወቀ ዓይነት ሙቀቱ 1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊቮልት ከውጭ ሾልኮ ቢገባበት ንባቡ በ24 ዲግሪ ያህል ሊሳሳት ይችላል። በአጠገቡ ደግሞ 380 ቮልት የተሸከመ ኬብል ያልፋል።

ረብሻው የሚገባባቸው ዋና ዋና በሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። ይኸውም የጎረቤቱ ኬብል ቮልት ሳይነካው በአየር ተሻግሮ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1836 እ.ኤ.አ. በብረት የተለበጠ ክፍል ሠርቶ፣ ከውጭ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲወርድበት ውስጡ ምንም እንደማይሰማው አሳየ። የመለኪያው ሽቦ በመዳብ መረብ ወይም በስስ አሉሚኒየም የሚሸፈነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው የማግኔት መስክ ነው። ለዚህ ስስ ሽፋን ብዙም አይረዳም። መድኃኒቱ ሁለቱን ሽቦዎች እንደ ክር መግመድ ነው። አንዱ እጥፋት የተቀበለውን ረብሻ ተከታዩ እጥፋት በተቃራኒው ተቀብሎ ያጣፋዋል። ከኃይል ኬብል ማራቅ፣ መሻገር ግድ ከሆነም በመስቀልኛ ማሻገር ይገባል።

ሦስተኛው ራሱ መሬት ነው። መሬት ሁሉ አንድ ይመስለናል፤ ነገር ግን የጄኔሬተሩ ቤትና ርቆ ያለው የውሃ መግቢያ የሚነኩት መሬት የቮልት ልዩነት ሊኖረው ይችላል። መከለያው በሁለቱም ጫፍ ኧርዝ ከተደረገ በራሱ በመከለያው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈስሳል፤ ጠባቂው ሌባ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ላሉ ደካማና ዝግተኛ ምልክቶች መከለያውን በአንድ ጫፍ ብቻ ኧርዝ ማድረግ የተለመደ ነው። ዝናብና መብረቅ በሚበዛባት በኢሉባቦር ነገሩ ይከፋል። 30,000 አምፔር ያህል የሚደርስ የመብረቅ ፍሰት 1 ኦም ብቻ በሆነ ኧርዝ ቢያልፍ የ30,000 ቮልት ልዩነት ይፈጥራል። የጣቢያው ብረት ሁሉ በወፍራም መዳብ እርስ በርሱ መያያዙ፣ የመብረቅ መከላከያም መኖሩ በዚህ የተነሣ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ስሕተት አለ። ረብሻውን ለማጥፋት ብሎ የመሣሪያውን አካል የኧርዝ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው አይጠፋም። ንባቡ ይረጋጋ ይሆናል፤ ነገር ግን በውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ሣጥኑን የነካ ዕለት የሣጥኑን በር የሚከፍተው ሠራተኛ ይሞታል። መከለያው ልኩን ይጠብቃል፤ የኧርዙ ሽቦ ግን ሰውን ይጠብቃል። ሁለቱን ማምታታት አይገባም።

ይህ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው ብለን የምናልፈው አይደለም። ነገ ከመካከላችን ብዙዎቻችን በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ላይ እንፈርማለን። ዋጋ ሲቀነስ ቀድሞ የሚሰረዘው ደግሞ ዐይን የማያየው ነው፤ ከመሬት በታች የሚቀበረው መዳብና በኬብሉ ውስጥ ያለው ሽፋን። ስለዚህ ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን እናስብ።