የፎቶ ጋዜጠኝነት ዲግሪና ወጪው

በአሜሪካ ፎቶ ጋዜጠኝነት ብዙውን ጊዜ በጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ሥር የሚሰጥ ዘርፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት፣ ዌስተርን ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲና ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በሙያው ስመ ጥር ናቸው። ሦስቱም የመንግሥት ስለሆኑ እንደ ሲራክዩስ ካሉ የግል ተቋማት ይልቅ ለኪስ ይቀላሉ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ለሁሉም እኩል አያስከፍልም። የግዛቱ ነዋሪ ከሌላ ግዛት ከመጣው እጅግ ያነሰ ይከፍላል። ነዋሪ ለመባል አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር መኖር ያስፈልጋል፤ ለትምህርት ብቻ የመጣ ሰው ጊዜው ቢሞላም ላይቆጠርለት ይችላል። በወላጆቹ ሥር ላለ ተማሪ ደግሞ የሚታየው የወላጆቹ መኖሪያ ነው።

ከዚህም የሚረክሰው መንገድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በኮሚኒቲ ኮሌጅ መማር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ኖቫ የተባለው ኮሚኒቲ ኮሌጅ ይህን ዕድል ይሰጣሉ። ጥንቃቄ የሚሻው ዝውውሩ ላይ ነው። የጨለማ ክፍል ወይም የስቱዲዮ ፎቶ ኮርስ፣ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ በምርጫ ኮርስነት ብቻ ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ ተማሪው ተመሳሳዩን ትምህርት ዳግመኛ ከፍሎ ይማራል። ስለዚህ የትኛው ክሬዲት በምን እንደሚቆጠር ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው እርዳታ ነው። ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ የሚሞላ አነስተኛ ገቢ ያለው ተማሪ የማይመለሰውን ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል፤ ጣሪያው በ2024–25 የትምህርት ዘመን 7,395 ዶላር ነበር። በዲቪ ግሪን ካርድ ያገኙ፣ ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ማመልከት ይችላሉ፤ በተማሪ ቪዛ የገባ አይችልም። ኮሌጆችም ከእርዳታው በኋላ የሚቀረውን ክፍያ የሚገምት ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ተማሪው ኮሌጆችን ማወዳደር ያለበትም በዚህ ቀሪ ሂሳብ ነው እንጂ በማስታወቂያው ዋጋ አይደለም።

የዕቃው ወጪ ሳይታሰብ ይመጣል። ስፖርት ለማንሳት የሚፈለገው 70–200 ሚሊሜትር ሌንስ፣ f/2.8 የብርሃን ክፍተት ያለው ሲሆን፣ አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ካሜራና ሌንስ የሚያውስ የዕቃ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ይህን ሸክም ያቀላል፤ ተማሪው ለአንድ ጨዋታ ተውሶ በማግስቱ ይመልሳል። በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ መሥራትም ሥራ ለማመልከት የሚቀርበውን የፎቶ ስብስብ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገነባል።

ከአሜሪካ ውጭም አማራጭ አለ። በኢትዮጵያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የመንግሥት ተቋማት ጋዜጠኝነትን በዲግሪ ያስተምራሉ፤ ተማሪውም በወጪ መጋራት ሥርዓት የድርሻውን ተመርቆ ከገቢው ሊከፍል ይችላል። ጀርመን የሚገኘው የሃኖቨር የተግባር ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የመንግሥት ስለሆነ ለፎቶ ጋዜጠኝነት የሚያስከፍለው የሴሚስተር መዋጮ ብቻ ነው። የሚከብደው ሌላው ነው፦ ለቪዛ የዓመት መኖሪያ ገንዘብ በዝግ ሒሳብ ማስቀመጥ።