የአመክሮ ማህደር ሠራተኞች

በእንግሊዝና በዌልስ ከማረሚያ ቤት የሚፈታ ሰው በሩን ሲወጣ የመፈቻ ወረቀት በእጁ ይሰጠዋል። ወረቀቱ ብዙ ግዴታዎችን ይዘረዝራል፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው በዚያው ዕለት የሚፈጸም ነው። በተባለው ሰዓት፣ በተጻፈው አድራሻ፣ ለተመደበለት የአመክሮ መኮንን ሪፖርት ማድረግ አለበት። ሰዓቱን የያዘው፣ አድራሻውን ያረጋገጠው፣ መኮንኑ በዕለቱ ቢሮ መኖሩን አጣርቶ ለማረሚያ ቤቱ ያሳወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሠራተኛ ነው። ኬዝ አድሚኒስትሬተር ይሉታል፤ እኛ የማህደር ሠራተኛ እንበለው።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ጠባዩ መሻሻሉ ሲታመንበት በአመክሮ እንዲፈታ ይፈቅዳል። በእንግሊዝ ግን አብዛኛው ታራሚ ሕግ የቆረጠለት ቀን ሲደርስ ይወጣና የቀረውን ቅጣት ውጭ ሆኖ በክትትል ሥር ይጨርሳል። መኖሪያውን ማስፈቀድ አለበት፤ ሥራ ሲይዝም እንደዚሁ። ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ቀድሞ የአጭር ጊዜ እስረኞች ይህ ክትትል አልነበረባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሕግ ግን ከአንድ ቀን በላይ የተፈረደባቸውን አዋቂዎች ሁሉ በክትትሉ ሥር አስገባ። ለጥቂት ሳምንታት ታስሮ የሚወጣ ሰው እንኳ ማህደር ይከፈትለታል፣ ቀጠሮ ይያዝለታል፣ ደብዳቤ ይጻፍለታል። የሥራው ጫና የት ላይ እንዳረፈ መገመት አያዳግትም።

መኮንኑ ይህ ሰው ለማን ያሰጋል፣ በምን ይደገፍ የሚለውን ያመዛዝናል። የሚያመዛዝነው ግን ማህደሩ ውስጥ ያለውን ነው። ስለዚህ የማህደር ሠራተኛው ሰውየው ከመፈታቱ በፊት የፍርድ ቤቱን ሰነድ፣ የቀድሞ ጥፋቶቹን ዝርዝርና የማረሚያ ቤቱን ሪፖርት ይሰበስባል። ሊኖርበት በተመረጠው ቤት ከዚህ ቀደም የቤት ውስጥ ጥቃት ጥሪ ደርሶ እንደሆነ ፖሊስን ይጠይቃል። እዚያ ሕፃናት ካሉ የአካባቢው አስተዳደር የሕፃናት ክፍል የሚያውቀው ነገር እንዳለ ያጣራል። ማደሪያ ከሌለው፣ እሱ ከተስማማ፣ ለቤቶች ክፍል ይላካል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው። ጥያቄ መላክ ቀላል ነው፤ ትጋት የሚጠይቀው መልሱን ተከታትሎ ማምጣቱ ነው። መልስ ያልመጣበት ማህደር ለቸኮለ አንባቢ ስጋት የሌለበት ማህደር ይመስላል፤ ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ደግሞ ደጋግሞ ይደውላል፣ ይወተውታል። በከባድ የኃይልና የወሲብ ወንጀል ለተፈረደባቸው ፖሊስ፣ ማረሚያ ቤትና የአመክሮ አገልግሎት አብረው ይሰበሰባሉ። በዚያ ስብሰባ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚፈጽም የሚመዘግበው ቃለ ጉባኤው ነውና እሱንም በጥንቃቄ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ የዕለት ተዕለቱ ይመጣል። ኤንዴሊየስ በሚባለው የኮምፒውተር መዝገብ እያንዳንዱ ቀጠሮ ውጤቱ ይጻፍበታል፤ መጣ፣ በበቂ ምክንያት ቀረ፣ ያለ በቂ ምክንያት ቀረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ነፃነት ነው። ያለ ምክንያት መቅረት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያስከትላል፤ ሲብስ መኮንኑ ሰውየው ወደ ማረሚያ ቤት እንዲመለስ ይጠይቃል። ስለዚህ ጠዋት ስልክ አንስቶ «አውቶቡሱ ቀረብኝ» ወይም «ልጄ ታማ ሆስፒታል ነኝ» የሚለውን የሚሰማው ሠራተኛ ቃሉን ከነሰዓቱ መጻፍ አለበት። ማስጠንቀቂያው ሰውየው በለቀቀው አድራሻ ከሄደም ጉዳቱ ሁለት ነው፤ እሱ ሳያውቅ ይቀጣል፣ ምስጢሩም በሌላ ሰው እጅ ይገባል።

መዘግየት ደግሞ በሌላው ወገን ያለውን ሰው ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2022፣ ዓርብ፣ አንድ ሰው ከእስር ተፈታ። በዕለቱ ቀጠሮው አልተገኘም፤ በቀጣዩ ሳምንት የተሰጡትንም አሳለፈ። ወደ እስር የሚመልሰው ውሳኔ በጁን 24 ጸና። ከሁለት ቀን በኋላ ኢልፎርድ በሚባለው የምሥራቅ ለንደን ሰፈር ወደ ቤቷ በእግር ስትሄድ የነበረች የ35 ዓመት የሕግ ምሩቅ ገደለ። ጉዳዩን የመረመረው የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሰውየው ከፍተኛ ስጋት ተብሎ መመደብ ሲገባው መካከለኛ መባሉንና እንዲመለስ የማድረጉ ሂደት መዘግየቱን አረጋግጧል። ምደባውም ሆነ ውሳኔው የመኮንኖችና የኃላፊዎች ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ውሳኔ የሚነሳው ያልተገኘበት ቀጠሮ በሰዓቱ መዝገብ ላይ ሲሰፍርና ለሚወስነው ሰው ሲደርስ ነው። ይህን ሥራ የጓሮ ሥራ ብለው ለሚያቃልሉ ሰዎች ይህንን ሳምንት ቀን በቀን እንዲያነቡት እመክራለሁ።

አገልግሎቱ ሲጀመር ማህደር የሚባል ነገር እምብዛም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1876 ፍሬድሪክ ሬይነር የተባለ አታሚ ለአንድ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር አምስት ሺሊንግ ልኮ በሰካራምነት ፍርድ ቤት የሚመላለሱ ሰዎችን የሚረዳ ሰው እንዲቆም ጠየቀ፤ ማኅበሩም በለንደን ፍርድ ቤቶች ሚስዮናውያን አቆመ። በ1907 ሥራው በሕግ ተቋቋመ። በ2014 አገልግሎቱ ለሁለት ተከፈለ፤ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው በመንግሥት እጅ ቀሩ፣ የቀሩት ለ21 ኩባንያዎች ተሰጡ። በ2021 ተመልሶ አንድ ሆነ። መከፈልም ሆነ መገጣጠም ማህደር ማዛወር ነውና የሁለቱም ጊዜ ድካም በእነዚህ ሠራተኞች ትከሻ አልፏል።

መዝገብ ላይ የሚፈጠር ስህተት የት ድረስ እንደሚሄድ በ2024 ታይቷል። ማረሚያ ቤቶች ሞልተው መንግሥት ብዙ ታራሚዎችን ቀድሞ ሊፈታ ሲወስን የተወሰኑ ወንጀሎች ከዕድሉ ውጭ ተደርገው ነበር። ከነዚህም አንዱ አትቅረብ የሚል የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣስ ነው። ነገር ግን 37 ሰዎች ጥፋታቸው በተሻረ የቀድሞ ሕግ ተመዝግቦ ስለተገኘ በስህተት ተፈቱ። አትቅረቡ የተባሉት ሰዎች ከሚፈሯቸው ሰዎች አጠገብ ተመልሰው ሊገኙ የቻሉት የሕግ ስምና ቁጥር ተሳስቶ በመመዝገቡ ነው።

ዓርብ መፈታትም ለብቻው ችግር ነበር። የተፈታው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የአመክሮ ቢሮ፣ የቤቶች ክፍል፣ መድኃኒት ቤትና የድጎማ ቢሮ ሁሉንም መድረስ አለበት፤ ያልደረሰበት እስከ ሰኞ ዝግ ነው። በ2023 የጸደቀው ሕግ መፈቻቸው ዓርብ ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ የሚውል ሰዎች እስከ ሁለት የሥራ ቀን ቀድመው እንዲፈቱ ፈቅዷል። ለማህደር ሠራተኛው ይህ አዲስ ስሌት ነው፤ የመፈቻው ቀን ሲቀደም ቀጠሮው፣ አስተርጓሚውና ማደሪያው አብረው መቀደም አለባቸው።

አስተርጓሚውን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። በለንደን የአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ነው። ሰውየው የመፈቻ ወረቀቱን ግዴታዎች በሚገባው ቋንቋ ካልተነገሩት ሳያውቅ ሊጥሳቸው ይችላል። አስተርጓሚ የሚያዘው ሠራተኛ ቅጹ ላይ ቋንቋ ሲሞላ የትውልድ አገር አይቶ መገመት የለበትም። ከኤርትራ የመጣ አማርኛ የሚመርጥ ሊኖር ይችላል፤ ከኢትዮጵያ የመጣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ብቻ የሚናገርም እንዲሁ። ጥያቄው ለራሱ ለሰውየው፣ ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ይቀርብለት፤ መልሱም ቀጣዩ መኮንን እንዲያገኘው በማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ።