የስፒከር ትዊተር፤ ከመለወጥ መለየት ይቅደም

አመሻሹ ላይ የቤተሰቡ አባላት ተሰባስበው የዕለቱን ዜና ሲከታተሉ የአንባቢው ድምፅ ጎልቶ ቢሰማም ቃላቱ ተለይተው የማይታወቁበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። በዚህን ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እርምጃ ድምፁን ይበልጥ ከፍ ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ ይህ እርምጃ ችግሩን ከማቃለል ይልቅ ሊያባብሰው፣ ከዚያም አልፎ መሣሪያውን ለጉዳት ሊዳርገው ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር ምክንያት ከሚሆኑት መካከል አንዱ ትዊተር በመባል የሚታወቀው አነስተኛ የስፒከር ክፍል ነው። በአንድ የቤት ውስጥ ስፒከር ሳጥን አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ድምፅ አውጪ ክፍሎች ይገኛሉ። ውፈር የሚባለው ትልቁ ክፍል ወፍራሙን ድምፅ ሲያወጣ፣ ትንሹ ትዊተር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ ያወጣል። ስያሜዎቹ ከእንግሊዝኛ የተወሰዱ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የውሻን፣ ሁለተኛው የወፍን ድምፅ የሚያመለክቱ ናቸው።

ጤናማ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ የሚደርስ ንዝረትን የመስማት አቅም ያለው ሲሆን፣ የላይኛው ወሰን ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ዝቅ እያለ ይሄዳል። ትዊተር ብዙውን ጊዜ ከ2 ሺህ ወይም ከ3 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ይሠራል። ይህ ክልል ሙዚቃን የሚያደምቅ ብቻ ሳይሆን ንግግርም የሚለይበት ነው። እንደ "ሰ"፣ "ሸ" እና "ፈ" ያሉ ተነባቢዎች አብዛኛው ጉልበታቸው በዚሁ ከፍተኛ ክልል የሚገኝ በመሆኑ፣ ትዊተሩ ሲዳከም "ሰማ"ን ከ"ሸማ"፣ "ሠራ"ን ከ"ፈራ" ለመለየት ያዳግታል። ከ300 እስከ 3 ሺህ 400 ኸርዝ ብቻ በሚያሳልፈው በተለመደው የስልክ መስመር ስም ሲነገር ፊደል እየጠቀሱ ማስረዳት የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዛሬው ስፒከር አሠራር መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ በ1925 በአሜሪካ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪዎች የነበሩት ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ ባቀረቡት ጥናት እንደሆነ ይታወቃል። በዚህ አሠራር መሠረት በማግኔት ክፍተት ውስጥ የተቀመጠ ጥቅል ሽቦ የኤሌክትሪክ ሞገድ ሲደርሰው ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመንቀሳቀስ ከእርሱ ጋር የተያያዘውን ስስ አካል ያንቀጠቅጣል። እ.ኤ.አ በ1958 ደግሞ በኤድጋር ቪልቸር ይመራ የነበረው አኮስቲክ ሪሰርች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ኤአር-3 በተሰኘው ስፒከሩ ጉልላት ቅርጽ ያለው ትዊተር ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በስፋት የሚታየው 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሐር፣ የአሉሚኒየም ወይም የቲታኒየም ጉልላት ይህንኑ ቅርጽ የተከተለ ነው።

የትዊተር ጥቅል ሽቦ እጅግ ቀጭን በመሆኑ በቀላሉ ሊቃጠል ይችላል። ብዙዎች ለቃጠሎው ምክንያት የአምፕሊፋየሩ ኃይል ከመጠን በላይ መሆኑ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አነስተኛ አምፕሊፋየርም ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ሞገድም በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበረ ተጨማሪ ቀጭን ንዝረት በመፍጠር ትዊተሩን ያሞቀዋል። ንግግሩ አልሰማ ሲል ድምፁን እስከ መጨረሻው መክፈት ጉዳት የሚያስከትለውም በዚህ መንገድ ነው።

በመሆኑም አዲስ ትዊተር ለመግዛት ከመወሰን አስቀድሞ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ወጪ አይጠይቅም። ቀጭን ድምፅ በአብዛኛው ወደ ፊት ለፊት የሚጓዝ በመሆኑ፣ ወለል ላይ ወይም ከሶፋ ጀርባ የተቀመጠ ስፒከር ትዊተሩ ጤናማ ቢሆንም እንኳ የተደፈነ ይመስላል። ስፒከሩን ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትይዩ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ማድረግ ተሰሚነቱን ያሻሽላል። በአንፃሩ ባዶ ግድግዳና ወለል ያለው ክፍል ድምፁን እየመለሰ ስለሚያስተጋባ፣ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ መጠቀም ይረዳል።

ሁለተኛው እርምጃ ምርመራ ነው። አምፕሊፋየሩ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎና የትዊተሩ ሽቦ ተፈትቶ በቴስተር ሲለካ፣ 8 ኦም ተብሎ የተመዘገበ ትዊተር ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ኦም ያሳያል። ቴስተሩ ምንም ንባብ ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል ማለት ነው። ልኬቱ ትክክል ሆኖ ድምፁ ግን የደከመ ከሆነ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ክሮስኦቨር የሚባለው፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ የሚያከፋፍለው ሰርኪዩት ነው። በውስጡ የሚገኙ አንዳንድ ካፓሲተሮች በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁ ለትዊተሩ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ተመሳሳይ መጠን ያለውና አዎንታዊና አሉታዊ ጫፍ የማይለይ ካፓሲተር በመተካት ብቻ የስፒከሩን የቀድሞ ድምፅ መመለስ ይቻላል። ወጪውም ከአዲስ ትዊተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ትዊተሩ መቃጠሉ ከተረጋገጠ ወይም በተሻለ እንዲተካ ከተወሰነ ከዋጋው ይልቅ ተስማሚነቱ መታየት ይኖርበታል። በቅድሚያ በዴሲቤል የሚገለጸው የድምፅ ምላሽ መጠን ከውፈሩ ጋር መመጣጠን አለበት። የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፕሊፋየሩን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር የሚስተካከል በመሆኑ፣ 87 ዴሲቤል ካለው ውፈር ጎን 93 ዴሲቤል ያለው ትዊተር ያለ ማመጣጠኛ ቢገጠም ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ የሚወጋ ይሆናል።

የኦም መጠኑም እንዲሁ ነው። ለአብነት ያህል፣ 4 ነጥብ 7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከ8 ኦም ትዊተር ጋር ሲገናኝ ድምፁ የሚከፈልበት ነጥብ በግምት 4 ሺህ 200 ኸርዝ ይሆናል። በዚያው ካፓሲተር ላይ የ4 ኦም ትዊተር ቢተካ ነጥቡ ወደ 8 ሺህ 500 ኸርዝ ገደማ ከፍ ይላል። በዚህም ሳቢያ በውፈሩና በትዊተሩ መካከል ባለቤት የሌለው ክፍተት ይፈጠራል፤ ውድ ዋጋ የተከፈለበት ዕቃም ከቀድሞው የባሰ ድምፅ ያሰማል።

ከፍ ያለ ቀጭን ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ድምፅ አለመሆኑን የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ ኤን ኤስ-10 ስፒከር ታሪክ ያስገነዝባል። እ.ኤ.አ በ1978 ለቤት አገልግሎት የቀረበው ይህ ስፒከር ቆይቶ በሙዚቃ ስቱዲዮዎች ዘንድ ተፈላጊነት ቢያገኝም ቀጭን ድምፁ ከመጠን ያለፈ ሆኖ በመገኘቱ፣ የቀረጻ ባለሙያዎች በትዊተሩ ፊት ስስ የመጸዳጃ ወረቀት እየሰቀሉ ይሠሩበት ነበር። ኩባንያውም እ.ኤ.አ በ1987 የድምፅ ሚዛኑ የተስተካከለለት ሞዴል አውጥቷል።

በገጠማ ወቅት ሊዘነጉ የማይገባቸው ጉዳዮችም አሉ። የግራና የቀኙ ድምፅ እንዳይለያይ ሁለቱም ትዊተሮች በአንድ ጊዜ ቢለወጡ ይመረጣል። በአንዳንድ ስፒከሮች የትዊተሩ ጫፎች ሆን ተብሎ ተገልብጠው ስለሚያያዙ ሽቦው ከመፈታቱ በፊት አያያዙን መመዝገብ ያስፈልጋል። ጉልላቱን በጣት አለመንካት፣ ትዊተሩንም ያለ ካፓሲተር በቀጥታ ከአምፕሊፋየር ጋር አለማገናኘት ዋነኞቹ ጥንቃቄዎች ናቸው።

በመሥሪያ ቤት የግዥ አሠራር ፍላጎት ሳይጠናና የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ሳይዘጋጅ ጨረታ እንደማይወጣ ሁሉ፣ በቤት ውስጥም ተመሳሳይ ሥርዓት መከተል ከአላስፈላጊ ወጪ ያድናል። በአቀማመጥ ለውጥ ወይም በአንዲት ካፓሲተር ሊፈታ ለሚችል ችግር ውድ ትዊተር መግዛት አበው "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" እንደሚሉት ነው። ከሁሉም በላይ ግን ዓላማው ድምፅን ማብዛት ሳይሆን፣ በዕድሜ የገፉ ወላጆች ጭምር የሚነገረውን ቃል ሳይቸገሩ ለይተው እንዲሰሙ ማስቻል መሆኑን መገንዘብ ይገባል።